ቀስቶቹ ያልነኩት አገር

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚሄደው ቅጥቅጥ የሚነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ኩንታሉን፣ ቢጫ ጀሪካኑን፣ አንድ አዲስ የቆርቆሮ ሳጥን ጭምር እየተቀበለ በገመድ ያስራል። ከታች የቆሙት እናቶች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው «ቀስ አርገህ ልጄ፣ እንቁላል አለበት» እያሉ ይለማመጡታል። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ በስልኬ መብራት አንድ ካርታ እመለከታለሁ። ስለ 1933 ዓ.ም. የነጻነት ዘመቻ ከተጻፈ መጽሐፍ ኮፒ ያደረግሁት ነው፤ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል።

ካርታው ላይ ቀስቶች አሉ። አንዱ ከሱዳን፣ ከከሰላ ተነስቶ በአቆርዳት፣ በከረንና በአስመራ አድርጎ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ሌላው ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋና በሐረር አልፎ አዲስ አበባ ይገባና ተመልሶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደሴ ይወጣል። ሦስተኛው ቀጭን ቀስት ከኦሜድላ ጎጃምን ሰንጥቆ ይመጣል። የሰሜኑና የደቡቡ ቀስት አምባ አላጌ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ትንንሽ ቀስቶች ጎንደርን ይከባሉ። ጣቴን ከአምባ አላጌ ወደ ጎንደር በቀጥታ ስስብ ግን ቀስት የሌለበት፣ የከተማ ስም እንኳ ያልሰፈረበት ነጭ ቦታ አቋርጣለሁ። ያ ነጭ ቦታ ዋግ ነው።

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ስለዚያ ዘመቻ ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የእንግሊዝ አዛዦቹን የጄኔራል ፕላትን፣ የጄኔራል ካኒንግሃምን፣ የዊንጌትን ስም ደጋግሜ አንስቻለሁ። ስለ ነጩ ቦታ ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። በዚህ ሚያዝያ የተነሳሁት ያን ዕዳ ልከፍል ነው።

መነሻዬን ላሊበላ ያደረግሁትም በምክንያት ነው። ሽንፈቱ በዚህ አልፏልና። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተፈታ በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአሸንጌና በኮረም በኩል ሲያፈገፍጉ ከጉዟቸው ተነጥለው ወደ ላሊበላ መጡ፤ በውቅሮቹ መካከል ለቀናት ጾመው ጸለዩ። ከኋላቸው በአሸንጌ ሐይቅ ዳር የሚሸሸው ሠራዊት ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ይዘንብበት ነበር። ከማይጨው አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሡ በድል ሲመለሱ መግቢያቸው ያው ሚያዝያ 27 እንዲሆን የተጠበቀው ያ ቀን በልባቸው ስለቀረ ነው። የሽንፈቱን ቀን በድል መሻር ነበር።

፨

ቢልባላን ካለፍን በኋላ ምድሩ መልኩን ይለውጣል። ላስታም ተራራ ነው፤ የዋግ ተራራ ግን ሥጋው ያለቀ፣ አጥንቱ የወጣ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ እርከን ከገደሉ ወገብ እስከ አናቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ እርከን ሁለት በሬ ለማዞር የማይበቃ ጥቂት አፈር አቅፎ ይዟል። ሚያዝያ ስለሆነ መሬቱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከመቀነታቸው የተቋጠረ ቆሎ ፈትተው እፍኝ ሰጡኝና ወደ መስኮቱ እያዩ «ድንጋዩን ለቅመን ነው መሬት ያረግነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ አገሩ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ዋግ የአገው አገር ነው። ሕዝቡ ከአማርኛው ጎን ኽምጣናን ይናገራል፤ በገበያውም በለቅሶውም ሁለቱ ቋንቋዎች ይፈራረቃሉ። ገዢዎቹ ዋግሹሞች ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደሚወለዱ ይናገራሉ። በ1262 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር፣ ዋግ ለእነሱ እንደ ርስት ቀረላቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ታሪክ ሰቆጣን ዘሎ አልፎ አያውቅም። ዋግሹም ጎበዜ ከአጼ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። በሐምሌ 1863 አድዋ ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አጼ ዮሐንስ፣ የተሸነፉት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከመቅደላ ሲመለስ ለካሣ ትቶት በሄደው መድፍና ጠመንጃ ጭምር ነበር። ዋግሹም ጓንጉል ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኮንን ጋር አምባ አላጌ ላይ፣ ከዚያም አድዋ ላይ ጣሊያንን ገጥመዋል። ዋግ የውጭ ጦር መጥቶ ሲሄድ የኋላው ሒሳብ ለማን እንደሚቀር በ1933 ዓ.ም. አዲስ የሚማረው ነገር አልነበረም።

ሰቆጣ የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው። አልጋ ከያዝሁ በኋላ በር ላይ ቄጤማ ከጎዘጎዘች ቡና ቤት ገባሁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ ነው አባባ።»

«ለሥራ ነው?»

«ስለ ጣሊያን ጊዜ ልጠይቅ ብዬ ነው። እንግሊዞች የገቡ ጊዜ እዚህ እንዴት እንደነበረ።»

ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። «እኔ ያን ጊዜ ጡት አልጣልሁም። እናቴ ግን ‘እንግሊዝ የገባ ጊዜ’ ብላ አታውቅም። ‘ጣሊያን የወጣ ጊዜ’ ነው የምትል። ማን እንደገባማ ምን እናውቃለን? የወጣውን ነው የምናውቀው። ያቃጠለን እሱ ነዋ።»

ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም ብዬ ቆየሁ። ስንት ጊዜ «እንግሊዞች ሲገቡ» ብዬ እንደጻፍሁ ትዝ አለኝ። ዘመቻ ከውጭ ሲታይ መግባት ነው፤ ቀስት ነው። ከውስጥ ለሚያየው ግን የአንድ ክፉ እንግዳ መውጣት ነው። በመግባትና በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም፤ የዘመን ቁጥርም ልዩነት ነው። የገባው ዘመቻ ወራት ፈጀ። የወጣው ጠላት ግን ተቀምጦ የነበረው አምስት ዓመት ነው።

፨

ዘመቻው ራሱ በጦር ታሪክ ውስጥ የሚደነቅ ነው፤ ይህን ልነሳው አልፈልግም። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ከሂትለር ጎን ቆማ ጦርነት ስታውጅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከአገሬው የመለመለችውን ጨምሮ ከ250 ሺህ በላይ ወታደር ነበራት። በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዚያን ሰዓት 10 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሰባት ወር ቆይቶ፣ በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1933 የፕላት ጦር ድንበር ጥሶ ኤርትራ ገባ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። ከረን ላይ ከ50 ቀን በላይ የፈጀ ውጊያ ተደርጎ መጋቢት 18 በሩ ተከፈተ። ከደቡብ የመጣው የካኒንግሃም ጦር ሞቃዲሾን በየካቲት፣ ሐረርን በመጋቢት ይዞ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ደረሰ። ሚያዝያ 18 ደሴ ተለቀቀ።

ይህን ያደረጉት እንግሊዞች ብቻ አይደሉም። የከረንን ገደል በደረታቸው የወጡት በብዛት ከህንድ የመጡ ወታደሮች ናቸው። በደቡቡ ቀስት ውስጥ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስትና የኬንያ ልጆች ነበሩ። በምዕራብ በኩል ከቤልጅየም ኮንጎ የመጣ ጦር እስከ ደምቢዶሎ ዘልቋል። አብዛኞቹ ራሳቸው በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ሆነው ለእኛ ነጻነት የሞቱት የእነዚህ ሰዎች መቃብር ዛሬም በአገራችን ይጠበቃል፤ መጠበቅም አለበት። የቃል ኪዳኑን ጦር ውለታ የምንረሳ ሕዝብ አይደለንም።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ከ250 ሺህ በላይ ወታደር ያለው ኃይል በጥቂት ወራት ውስጥ እንዴት እንደ ጭቃ ግድግዳ ፈረሰ? መልሱ ካርታው ላይ ቀስት በሌለበት ቦታ ነው ያለው። የጣሊያን ጦር እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ጦር አልነበረም፤ በሺህ ምሽግ ውስጥ ተበትኖ የታሰረ ጦር ነበር። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ፣ በበጌምድር እነ ዳኘው ተሰማ አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስተውት ነበር። ከምሽጉ ወጥቶ ውኃ ለመቅዳት አጀብ የሚያስፈልገው ወታደር፣ ድንበር ላይ የመጣን ጦር ሄዶ ሊገጥም አይችልም። ቀስቶቹ የሮጡት በተደላደለ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱን ያደላደሉት ደግሞ ካርታ ላይ ቀስት ያልተሳለላቸው ሰዎች ናቸው። ዋግ ከእነሱ አንዱ፣ ዋጋውንም ቀድሞ ከከፈሉት አንዱ ነው።

፨

በማግሥቱ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄድሁ። ከሰቆጣ ብዙም አይርቅም፤ ከአንድ የመንደር ልጅ ጋር በእግር ሄድን። ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከላሊበላዎቹ ያነሰ፣ ግን የዚያው እጅ ወንድም መሆኑ ከመስኮቶቹ ቅርጽ ያስታውቃል። ጫማዬን አውልቄ ድንጋዩን ስረግጥ ውርጩ እስከ ጉልበቴ ወጣ። የሚያስጎበኙት አባ ቁልፋቸውን ይዘው ቀድመውኝ ገቡና ዞር ብለው «ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ጌቶቹ ተኝተዋል» አሉኝ።

ጌቶቹ በሣጥን ውስጥ ናቸው። አስከሬናቸው በስብሶ አፈር አልሆነም፤ ደርቆ ቆይቷል። የዋግ ገዢዎችና ቤተሰቦቻቸው እንደሆኑ ይነገራል። አባ ጧፍ አስጠግተው አንዱን ሲያሳዩኝ ከተጠቀለለበት ጨርቅ የወጣ እግር አየሁ። ቆዳው እንደ ቆየ ብራና ቡኒ ሆኖ አጥንቱ ላይ ተለጥፏል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ግን እንዳለ ነው። ሰው ትናንት የቆረጠው የሚመስል ጥፍር። ከጥፍሩ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ይህ ሕዝብ ከድንጋይ ላይ አፈር ለቅሞ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ የሚበላው ባነሰበት አገር የአለቆቹን ገላ አንዲት ጥፍር ሳይጎድል ለትውልድ አኑሯል። በዋግ ሰው ሙሉ ሆኖ ይቀበራል። ሙሉ ሆኖም ትንሣኤን ይጠብቃል።

የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሞት ምን ማለት እንደነበረ የገባኝ እዚያ፣ ከዚያ ጥፍር ፊት ቆሜ ነው።

ደጃዝማች ኃይሉ የዋግሹም ከበደ ልጅ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር የዋግን ጦር መርተው በተንቤን ግንባር ተሰለፉ፤ በታኅሣሥ 1928 የኢትዮጵያ ጦር ከመከላከል ወጥቶ ባጠቃበት ጊዜ በአብይ ዓዲ በኩል ከተዋጉት አንዱ ናቸው። ማይጨው ከተፈታ በኋላ ብዙ መኳንንት ወይ ተሰደዱ፣ ወይ ገቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 የጣሊያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ አዲስ አበባን በደም ካጠበ በኋላ ግን ሰሜኑ በያለበት መነሳት ጀመረ። በዚያው ዓመት ክረምት ዋግና ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ መሪነት አመፁ። ለማርገብ የመጣው የጣሊያን ጦር አውሮፕላን ነበረው፣ መድፍ ነበረው፣ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስታጥቅ ገንዘብም ነበረው። በመስከረም 1930 ደጃዝማች ኃይሉ ተያዙ። አንገታቸው ተቆረጠ። የተቆረጠው ራስ ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲሆን ኮረም አደባባይ ላይ ታየ። የጣሊያን ወታደሮች ፎቶግራፍ አነሱት።

አንገት መቁረጥ በማንኛውም አገር አረመኔነት ነው። የጌቶቹን ገላ ሙሉ አድርጎ በዓለት ውስጥ በሚያኖር አገር ግን ከዚያም የከፋ ነው። የገደሉት ሰውየውን ብቻ አይደለም። ከሣጥኖቹ ጎን ሊኖረው ይገባ የነበረውን ቦታ ነው የነሱት። አባን «የደጃዝማች ኃይሉስ?» ስላቸው ጧፉን እፍ ብለው አጠፉና «እሳቸው እዚህ የሉም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

፨

ከኮረም አምባ አላጌ በአየር ቢለካ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ደጃዝማች ኃይሉ ከተገደሉ አራት ዓመት ሳይሞላ እዚያ ተራራ ላይ የሆነው ነገር፣ ከኮረሙ ጋር ጎን ለጎን ካልተነበበ በስተቀር ሙሉ ትርጉም የለውም።

የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ፣ የንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የሆነው የአኦስታ መስፍን አሜዴኦ፣ አዲስ አበባን ለቆ ሲወጣ የመጨረሻ ምሽጉ ያደረገው አምባ አላጌን ነበር። ዋሻው በጥይትና በስንቅ ተሞልቷል፤ ዙሪያው ገደል ነው። ከሚያዝያ 1933 መጨረሻ ጀምሮ ከሰሜን አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦር፣ ከደቡብ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ አጠቃው። ገደሉን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ራስ ሥዩም መንገሻ የመሩት አርበኞች ደግሞ ከጎን እየገፉ አንድ በአንድ ምሽግ ያስለቅቁ ነበር። መድፍ የነዳጅ ማከማቻውን መትቶት ዘይቱ ወደ መጠጥ ውኃው መፍሰሱ የተከበቡትን ተስፋ አስቆረጠ። ከሁሉ በላይ ግን ያስፈራቸው አርበኛው ነበር። በቀያቸው የሠሩትን ያውቁታልና፣ እጃቸውን ለእንግሊዝ እንጂ ለኢትዮጵያዊ መስጠት አልፈለጉም።

ግንቦት 11 ቀን 1933 መስፍኑ ወደ 5 ሺህ ከሚሆን ሠራዊቱ ጋር እጁን ሰጠ። የተሰጠው የክብር እጅ አሰጣጥ ነበር። የጣሊያን ወታደር በሰልፍ ከተራራው ወረደ፤ የድል አድራጊው የክብር ዘብ ተሰልፎ በጠመንጃው ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈው፤ መሣሪያ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። መስፍኑ በምርኮ ወደ ኬንያ ተወሰደ፤ በየካቲት 1934 ናይሮቢ ውስጥ በሕመም ሞተ። ኒዬሪ በሚባል ከተማ፣ ከወታደሮቹ ጋር ተቀብሯል።

እኔ የተሸነፈ ሰው መከበሩን አልጠላም። ምርኮኛን ማክበር የጦር ወግ ነው፤ አርበኛውም ተምሮት የኖረው ወግ ነው። የሚያንገበግበኝ ወጉ ለአንዱ የሚሠራ፣ ለሌላው የማይሠራ መሆኑ ነው። በአንድ ጦርነት ውስጥ ሁለት ምርኮኞች ነበሩ። አንደኛው የሰው አገር ገዥ ሆኖ መጥቶ በክብር ዘብ መሐል አለፈ፤ መቃብሩም ይታወቃል። ሌላኛው በገዛ አገሩ ተይዞ ራሱ ከገላው ተለየ፤ አባ ጧፉን አጥፍተው «እዚህ የሉም» የሚሉለት ሆነ። ካርታው ላይ ቀስቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ ያማረ ነው፤ ከነጥቡ ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ያ አደባባይ አለ።

ጦርነቱ በአገራችን የተዘጋው ዋግን ተሻግሮ፣ ከተከዜና ከሰሜን ተራሮች ባሻገር ጎንደር ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ የቆየው ከበባ በመስከረም ወልቀፊትን፣ በኅዳር ቁልቋል በርን አስለቀቀ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ጄኔራል ናሲ ከ20 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ጎንደርን አስረከበ። በምሥራቅ አፍሪካ የቃል ኪዳኑ ጦር የመጨረሻ ማጥቃት ይህ ነበር። እዚያም አርበኛው ከመደበኛው ጦር ጎን ምሽግ ጥሷል።

መዝጊያው ግን መዝጊያ አልሆነም። ነጻ አወጣን ያሉት ኃይሎች አገሪቱን እንደተያዘ የጠላት ግዛት ለማስተዳደር ሲሞክሩ፣ ጥር 23 ቀን 1934 በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ሉዓላዊነቷን ለማስመስከር ተገደደች፤ ሰንሰለቱ በደንብ የላላው በታኅሣሥ 1937ቱ ሁለተኛ ውል ነው። በመስከረም 1936 መጨረሻ ደግሞ፣ የትግራይ ገበሬ በአስተዳደሩ ላይ በተነሳበት ጊዜ፣ ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ለነጻነት የበረሩት ክንፎች እነዚያው ነበሩ፤ ከታች የነበረውም ያው ሕዝብ። ፍትሕም አልመጣም። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት ስማቸውን ያቀረበቻቸው አሥር ጣሊያኖች ነበሩ፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ አሉበት፣ የጎንደሩ ናሲ አለበት፣ ደጃዝማች ኃይሉ ሲገደሉ የአማራ ገዥ የነበረው ፒርዚዮ ቢሮሊም አለበት። ኮሚሽኑ በ1940 ዓ.ም. ክሱ መሠረት እንዳለው ተቀበለ። ከአሥሩ አንዱም በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመው ወንጀል ፍርድ ቤት አልቆመም።

፨

የገበያው ቀን ደረሰ። ሰቆጣ ጥንት አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ እየወጣ ወደ መሐል አገር የሚተላለፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ዛሬም ማር በእንስራና በባልዲ ይቀርባል፤ ነጭ ነው፣ ጠጣር ነው፣ ጣት ላይ ሲያስቀምጡት አይወርድም። ፍየል፣ ማሽላ፣ የስንቅ አቁማዳ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ሰው በኽምጣና ዋጋ ይጠራል፣ በአማርኛ ይከራከራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ይህችን ከተማ ለወራት ውጦ እንደነበር በሰው ፊት ላይ ይነበባል፤ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው። ማር የምትሸጠዋን ሴት «እንደምን ከረማችሁ?» ስላት «ተረፍን፤ ተመስገን» ብላ ሚዛኗን አነሳች። ስለ ሥቃይ በአደባባይ አለማውራት እዚህ ልማድ መሆኑ ገባኝ። ዓለም ዋግን ነጭ ቦታ አድርጎ ያለፈው ዋግ ስላላወራም ጭምር ሊሆን ይችላል። ግን ያልተወራ ነገር አልሆነም ማለት አይደለም፤ የምንጽፍ ሰዎች ሥራችን ይህ ነው።

ለዚህ አገር የምመኘው ትልቅ ሐውልት አይደለም። ሚያዝያ 27 በአዲስ አበባ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ ተማሪ ቤት ውስጥ የቃል ኪዳኑ ጦር በየት በየት እንደገባ በካርታ ሲታይ፣ መምህሩ ጣቱን ነጩ ቦታ ላይ አሳርፎ አንድ አፍታ እንዲቆይ ነው። ቀስቶቹ ከመሳላቸው ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ምን እንደተከፈለ፣ በመስከረም 1930 አንድ ሰው እንዴት እንደሞተ እንዲናገር ነው። ሌላው ዘመቻ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የቃል ኪዳኑ ጦር ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ቀስቱ የቆመበት መሬት ይታያል እንጂ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ወረድሁ። ሐሳቤ በመጣሁበት፣ በላሊበላ በኩል መመለስ ነበር። ካርታውን ኪሴ ውስጥ አጥፌ ቲኬት መቁረጫውን ስፈልግ ከወዲያ ጥግ የአንድ ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ «ኮረም! ኮረም! አንድ ሰው! ኮረም!»

ቆምሁ። ያን ስም እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። የማይጨው ጦር መዘጋጃ፣ የጋዝ ዝናብ፣ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዓለምን ያስለቀሰበት ሜዳ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ያ አደባባይ። ለዚህ ልጅ ግን ኮረም መንገድ ነው። ሚስት የመጣችበት፣ ዕቃ የሚመጣበት፣ የዕለት እንጀራው። ስሙን እንደዚያ ቀለል አድርጎ፣ ያለ ፍርሃት፣ በሙሉ ጉሮሮው ይጠራዋል። ደጃዝማች ኃይሉና አብረዋቸው የወደቁት የሞቱለት ነገር ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ከዚህ ድምፅ የተሻለ መልስ የለኝም፤ የዋግ ልጅ በዋግ ምድር ቆሞ ኮረምን እንደ ቤቱ ደጃፍ ሲጠራ።

ቦርሳዬን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ኮረም ነዎት?»

«ነኝ» አልሁት፤ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።